ደምቡላ፦ አምስቱ ዋሻዎችና ስማቸው ያልተጻፈ ሠዓሊዎች

የአንድ አገር ጥንታዊ ሕንፃ ሲጎበኝ በቅድሚያ የሚነሣው ጥያቄ «ማን አሠራው?» የሚል ነው። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ የንጉሥ ስም ነው። «ማን ሠራው?» የሚለው ሁለተኛው ጥያቄ ግን ሳይነሣ ይታለፋል፤ ቢነሣም መልስ የሚሰጥ ጽሑፍ እምብዛም አይገኝም። በሕንድ ውቅያኖስ ላይ በምትገኘው በስሪ ላንካ ደሴት፣ ደምቡላ በተባለው ስፍራ ያሉት አምስት የቡድሂዝም የዋሻ መቅደሶች እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ለመመርመር እጅግ ከሚያመቹት የዓለም ቅርሶች መካከል ናቸው። መቅደሶቹ ለሃያ ሁለት ምዕተ ዓመታት የምእመናን መሳለሚያ ሆነው ኖረዋል። ነገሥታት በዐለታቸው ላይ ጽሑፍ አስቀርጸዋል፤ በውስጣቸውም የራሳቸውን ምስል አስቁመዋል። ግድግዳውንና ጣሪያውን በቀለም ያለበሱት ባለሙያዎች ግን የተዉት የእጃቸውን ሥራ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የእጅ ሥራም ቢሆን አትኩሮ ለሚያነበው ሰው ሰነድ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅ።

ደሴቲቱና ዐለቱ

ስሪ ላንካ እስከ 1972 ድረስ ሲሎን እየተባለች ትጠራ የነበረች፣ ከሕንድ ደቡባዊ ጫፍ በጠባብ ባሕር የተለየች ሞቃት ደሴት ናት። በምሥራቅና በምዕራብ መካከል በሚመላለሱ የንግድ መርከቦች መንገድ ላይ በመሆኗ ከጥንት ጀምሮ ከሩቅ አገሮች ጋር ግንኙነት ነበራት። በ6ኛው ምዕተ ዓመት ኮስማስ የተባለው የእስክንድርያ ነጋዴ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ከኢትዮጵያ የሚነሡ መርከቦች ወደዚህች ደሴት ይደርሱ እንደነበር መስክሯል። ሶፓትሮስ የሚባል ነጋዴም ከአዱሊስ ሰዎች ጋር ተሳፍሮ ወደ ደሴቲቱ እንደሄደ፣ በንጉሡም ፊት ቀርቦ የሮማን የወርቅ ገንዘብ ከፋርስ የብር ገንዘብ ጋር እያስተያየ እንደተከራከረ ይተርካል። ስለዚህ የአክሱም ዘመን ነጋዴዎች ይህችን ደሴት በዝና ብቻ ሳይሆን በአካልም ያውቋት ነበር። በዚያን ጊዜ የደምቡላ ዋሻዎች የመነኮሳት መኖሪያ ከሆኑ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈው ነበር።

ደምቡላ ከትልቁ የወደብ ከተማ ከኮሎምቦ 148 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከተራራማዋ ከተማ ከካንዲ ደግሞ 72 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ርቆ ይገኛል። አካባቢው በደሴቲቱ ዝናብ አጠር ክልል ውስጥ የሚጠቃለል ሜዳ ሲሆን፣ ከሜዳው መካከል 160 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ግዙፍ ዐለት ብቻውን ጉብ ብሎ ይታያል። ጎብኚው ወደ መቅደሶቹ የሚደርሰው በዐለቱ ጀርባ ላይ በተሠራው ደረጃ ነው። ምእመናን አበባና የመብራት ዘይት ይዘው፣ ጫማቸውን ከመግቢያው አውልቀው፣ ነጭ ለብሰው ይወጣሉ። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ዕለት ሥራ የሚዘጋበት አገር በመሆኑ፣ በእነዚህ ቀናት ደረጃው ከአፍ እስከ ገደፉ በሰው ይሞላል። ከላይ ሆነው ሲመለከቱ ጥንታዊው የሲጊሪያ አምባ በሩቁ ይታያል።

ከመጠለያ ወደ መቅደስ

ሰዎች በዚህ አካባቢ መኖር የጀመሩት ቡድሂዝም ከመስፋፋቱ በፊት ነው። ከዐለቱ ብዙም ሳይርቅ ኢባንካቱዋ በተባለው ቦታ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ሺህ ዓመት የነበሩ ሰዎች ሙታናቸውን የቀበሩባቸው፣ በድንጋይ ጠፍጣፎች የተከበቡ መቃብሮች ተቆፍረው ተገኝተዋል። ቡድሂዝም ወደ ደሴቲቱ የገባው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ምዕተ ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ መነኮሳት ከከተማ ርቀው ለጸሎትና ለተመስጦ ምቹ የሆኑ ዋሻዎችን መኖሪያቸው ማድረግ ጀመሩ።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል የሚመስል፣ ነገር ግን ትልቅ ዕውቀት የታከለበት ሥራ ሊጠቀስ ይገባዋል። በዐለት ጥግ ሥር የሚኖር ሰው ቀንደኛ ጠላቱ የዝናብ ውኃ ነው። ውኃው በዐለቱ ፊት ላይ እየተንሸራተተ ወደ ውስጥ ይገባልና። የጥንት ድንጋይ ጠራቢዎች ይህን ለመከላከል በዋሻው ግንባር ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ ሹል ጠርዝ ጠረቡ። ውኃው እዚያ ሲደርስ መንገዱ ይቋረጥበትና ወደ ውስጥ መግባቱን ትቶ በቀጥታ ወደ መሬት ይንጠባጠባል። ከዚህ ጠርዝ በታች ዋሻው ለመነኮሳት ማኅበር የተሰጠ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ብራሂሚ በሚባለው ጥንታዊ ፊደል መቅረጽ የተለመደ ነበር። በደምቡላም እንዲህ ያለ ጽሑፍ ይገኛል። ከሁለት ሺህ ዓመታት በላይ የዘለቀው የዚህ ሁሉ ሥዕል ሕይወት የተመሠረተው ስሙ በማይታወቅ ድንጋይ ጠራቢ መሮ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ትውፊት መቅደሶቹን የሚያገናኘው ከንጉሥ ቫላጋምባ ጋር ነው። ይህ ንጉሥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ103 ገደማ በአኑራዳፑራ ዙፋን ላይ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከደቡብ ሕንድ በመጡ ወራሪዎች ተሸንፎ ሸሸ። ዐሥራ አራት ዓመታት ያህል በዱርና በዋሻ ተሰዶ ከኖረ በኋላ በ89 ገደማ ዙፋኑን መልሶ ያዘ። በስደቱ ዘመን ያስጠለሉትን መነኮሳት ለማመስገን ሲል የደምቡላን ዋሻዎች መቅደስ አድርጎ እንዳሠራቸው ይነገራል። በዚሁ ንጉሥ ዘመን እስከዚያ ድረስ በቃል ሲተላለፍ የኖረው የቡድሂዝም ቅዱስ መጽሐፍ ከደምቡላ በስተደቡብ በሚገኘው በአሉቪሃራ ገዳም ለመጀመሪያ ጊዜ በዘንባባ ቅጠል ላይ ተጽፏል። ረሃብና ጦርነት የመነኮሳቱን ቁጥር ስለቀነሰው፣ በቃል የያዙት ሰዎች ሲያልቁ ትምህርቱም አብሮ እንዳያልቅ በመሥጋት የተደረገ እርምጃ ነበር።

ከዚህ በኋላ ስሙ በጉልህ የሚነሣው ከ1187 እስከ 1196 በፖሎናሩዋ የነገሠው ኒሳንካ ማላ ነው። ይህ ንጉሥ በየሄደበት ሥራውን በድንጋይ ላይ ማስጻፍ የሚወድ ሰው ነበር። በደምቡላ ያስቀረጸው ጽሑፍ 73 ምስሎችን በወርቅ እንዳስለበጠ ይናገራል። «ራንጊሪ» ማለትም የወርቅ ዐለት የሚለው መጠሪያም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ወርቁን የቀጠቀጡት፣ ያቀለጡትና የለበጡት እጆች ግን በጽሑፉ ውስጥ ቦታ አላገኙም።

በአምስቱ ዋሻዎች ውስጥ

ዛሬ ጎብኚው ከዐለቱ ሥር በመጀመሪያ የሚያየው ነጭ የተቀባ፣ ቅስት ያለው ረጅም በረንዳ ነው። ይህ በረንዳ በ1938 የተሠራ ሲሆን ከውስጡ ቅርስ ጋር ሲነጻጸር የትናንት ሥራ ነው። ከበረንዳው ኋላ አምስቱ መቅደሶች ተደርድረዋል። በውስጣቸው በጠቅላላው 157 ምስሎች ይገኛሉ፤ ሥዕሎቹም 2,100 ካሬ ሜትር ስፋት ይሸፍናሉ።

የመጀመሪያው ዋሻ ጠባብ ነው። ከሞላ ጎደል መላውን ዋሻ የያዘው 14 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ከተፈጥሮ ዐለቱ ሳይነጠል የተጠረበ የተጋደመ የቡድሃ ምስል ነው። ምስሉ ቡድሃ ከዚህ ዓለም ሲለይ የነበረበትን ሁኔታ ያሳያል። የውስጥ እግሩ ቀይ የተቀባ ሲሆን፣ በእግሩ በኩል ተወዳጅ ደቀ መዝሙሩ አናንዳ ቆሟል። ጎብኚው ምስሉን ርቆ በሙሉ ለማየት ስፋቱ ስለማይፈቅድለት ከእግር እስከ ራስ ቀስ በቀስ እየተራመደ ሊያየው ይገደዳል።

ሁለተኛው ዋሻ የታላላቆቹ ነገሥታት ዋሻ ይባላል፤ ከሁሉም የሰፋውና የከበረው ይህ ነው። ወርዱ ከ50 ሜትር በላይ፣ ከበሩ እስከ ኋላ ግድግዳው 23 ሜትር ያህል ነው። የቡድሃ ምስሎች ቆመውና ተቀምጠው ተደርድረዋል። ከእነርሱ ጋር ቪሽኑና ሳማን የተባሉት አማልክት፣ እንዲሁም የቫላጋምባና የኒሳንካ ማላ ምስሎች ይገኛሉ። ከጣሪያው ስንጥቅ የሚንጠባጠበው ውኃ በድርቅ ጊዜም እንደማይቋረጥ ይነገራል፤ በማሰሮ ተጠራቅሞም ለአምልኮ አገልግሎት ይውላል። ነገር ግን የዋሻው ዋና ድንቅ ነገር ጣሪያው ነው። ዐለቱ ጎርበጥባጣ ሆኖ ሳለ ሠዓሊዎቹ አላስተካከሉትም። ሥዕሉን ከዐለቱ እጥፋት ጋር እያጎነበሱና እያቀኑ ስለሠሩት፣ ከታች ለሚያየው ሰው ጣሪያው ነፋስ የሞላው ባለቀለም ድንኳን ይመስለዋል። በዚህ ድንኳን ላይ ቡድሃ በማራ ማለትም በፈተና ጌታ ሠራዊት ሲከበብ፣ የመጀመሪያ ስብከቱን ሲሰጥ፣ እንዲሁም የደሴቲቱ ታሪክ በየተራ ተሥሎ ይታያል።

ሦስተኛው «ታላቁ አዲስ መቅደስ» ሲሆን፣ ከ1747 እስከ 1782 በካንዲ የነገሠው ኪርቲ ስሪ ራጃሲንሃ ያሠራው ነው። የንጉሡ ምስል በመግቢያው አጠገብ ቆሟል፤ ጣሪያው እጅግ ብዙ በሆኑ ተመሳሳይ የተቀመጡ ቡድሃዎች ተሸፍኗል። አራተኛው አነስተኛ ነው። በመካከሉ ያለው ትንሽ ጉልላት የንግሥት ጌጥ ተቀብሮበታል ብለው ባመኑ ሌቦች እንደተሰበረ ይወራል። አምስተኛው ከሁሉም ዘግይቶ የተሠራ ነው። በውስጡ ያሉት ምስሎች ከዐለት የተጠረቡ ሳይሆኑ ከጡብና ከምርጊት የተሠሩ ናቸው። በመሆኑም ከአንደኛው ዋሻ እስከ አምስተኛው የሚሄድ ሰው የሚራመደው በቦታ ብቻ ሳይሆን በዘመንም ጭምር ነው።

ቀለሙና ሠዓሊው

በዛሬው ጊዜ የሚታዩት ሥዕሎች በአብዛኛው የካንዲ ዘመን፣ በተለይም የ18ኛው ምዕተ ዓመት ሥራዎች ናቸው። በ17ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የነገሠው ሴናራትና በኋላም ኪርቲ ስሪ ራጃሲንሃ መቅደሶቹን ባሳደሱ ጊዜ አሮጌው ሥዕል በአዲስ ተሸፍኗል። ከዚያም በኋላ በየጊዜው እድሳት ተደርጓል። ስለዚህ ግድግዳው በላይ በላዩ እንደተጻፈበት ብራና ነው፤ ከሚታየው በታች የማይታይ አለ።

የአሠራሩን ዘዴ ከሠዓሊዎቹ አፍ ሰምቶ በጽሑፍ ካቆዩት ሰዎች ዋነኛው አናንዳ ኩማራስዋሚ ነው። ይህ ሰው በሥነ ምድር ትምህርት ሠልጥኖ ከ1903 እስከ 1906 የሲሎንን የማዕድን ጥናት ሲመራ ቆይቷል። በሥራው ምክንያት በየመንደሩ ሲዘዋወር የአንጥረኞችን፣ የእንጨት ጠራቢዎችንና የሠዓሊዎችን ሙያ አጥንቶ በ1908 ስለ ሲንሃላ ጥበብ ሰፊ መጽሐፍ አሳተመ። ከእርሱም ሆነ ከኋለኞቹ ጥናቶች እንደምንረዳው፣ መጀመሪያ ዐለቱ በጭቃ፣ በአሸዋና በሩዝ ገለባ ወይም በቃጫ ድብልቅ ይመረግ ነበር። በላዩ ላይ ስስ ነጭ የሸክላ አፈር ይቀባል። ሥዕሉ የሚሣለው ምርጊቱ ከደረቀ በኋላ ነው። ቀዩ ቀለም ከባዜቃና ከዲን ውሁድ ማዕድን፣ ቢጫው ከዛፍ ከሚፈስ ሙጫ፣ ጥቁሩ ከጥላሸት፣ ነጩ ከነጭ አፈር ይዘጋጃል። ቀለሙን ከግድግዳው ጋር የሚያጣብቀውም ከዛፍ የሚገኝ ሙጫ ነው። ብሩሹ ከሣርና ከእንስሳት ፀጉር ይሠራ ነበር።

በቀለም ዓይነት ረገድ ሀብቱ ይህን ያህል ውስን ነበር። ሆኖም ሠዓሊዎቹ ከዚህ ጥቂት ነገር ያወጡት ውጤት ዋሻውን ሙሉ ብርሃን የሚያስመስል ነው። መደቡ አብዛኛውን ጊዜ ደማቅ ቀይ ነው። ሰዎቹ በቀጭን ጥቁር መስመር ተከበው በቢጫና በነጭ ይወጣሉ። ጥላ የለም፤ ርቀትን ለማሳየት የሚደረግ ማሳነስም የለም። ታሪኩ ከግራ ወደ ቀኝ ወይም ከቀኝ ወደ ግራ በረድፍ እየተከታተለ ይሄዳል፤ አንዱ ሰው በአንድ ረድፍ ውስጥ ደጋግሞ ይታያል። ባዶ ቦታ በተገኘ ቁጥር አበባ ይበተንበታል። ይህ አሣሣል ከአላዋቂነት የመጣ አይደለም። ማንበብ ለማይችለው ገበሬ ታሪኩን በማያሻማ ሁኔታ ለማስተማር ታስቦ የተመረጠ ቋንቋ ነው። መነኩሴው በቃሉ የሚሰብከውን ግድግዳው በቀለም ይደግመዋል።

የሠዓሊዎቹ ኑሮ ከመሬት ይዞታ ጋር የተሳሰረ ነበር። በካንዲ መንግሥት «ራጃካሪያ» ማለትም የንጉሥ ሥራ በሚባለው ሥርዓት መሠረት እያንዳንዱ ባለይዞታ በያዘው መሬት ልክ አገልግሎት የመስጠት ግዴታ ነበረበት። ገበሬው በእርሻ፣ ወታደሩ በዘመቻ፣ ባለ እጁ በሙያው ያገለግላል። ቤተ መቅደሶችም የራሳቸው መንደሮች ነበሯቸው። ሠዓሊው ማደሪያ መሬት ይሰጠዋል፤ በምትኩም መቅደሱን መሣልና ማደስ ግዴታው ነው። አገልግሎቱ ከተቋረጠ መሬቱም ይሄዳል። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈውም በዚህ ምክንያት ጭምር ነበር። ከደምቡላ ሥዕል ጋር ስማቸው የሚያያዘው የኒላጋማ መንደር ሠዓሊ ቤተሰቦች የዚህ ሥርዓት ውጤቶች ናቸው።

ሥርዓቱ ሁለት ገጽ እንደነበረው መገንዘብ ያስፈልጋል። በአንድ በኩል ባለሙያውን ከመሬት፣ መሬቱን ከግዴታ ጋር አቆራኝቶ ያሠረ የፊውዳል ሥርዓት ነበር፤ ሠዓሊው ሥራውን በስሙ ሊጠራ ወይም ፈቃዱ ወዳደረገው ሊሄድ አይችልም። በሌላ በኩል ግን ዕውቀቱ ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዲሻገር የሚያስችል ዳቦና ጊዜ ሰጥቶታል። እንግሊዞች በ1815 ካንዲን ከያዙ በኋላ በ1832 ለመንግሥት የሚሰጠውን የግዴታ አገልግሎት ሰረዙ። በ1870 የወጣው ደንብ ደግሞ ለመቅደሶችና ለባላባቶች የሚሰጠው አገልግሎት በገንዘብ እንዲለወጥ ፈቀደ። ሰንሰለቱ መበጠሱ ለገበሬው እፎይታ ነበር። ነገር ግን በሰንሰለቱ ላይ ተንጠልጥሎ የኖረውን ሙያ የሚደግፍ ሌላ ነገር በምትኩ አልተዘጋጀም። ከውጭ የመጣው ርካሽ ቀለምና የታተመ ሥዕል በመንደር ሲዘጋጅ የኖረውን ቀለም ተካ። የሠዓሊው ልጅም ወደ ቡና፣ በኋላም ወደ ሻይ ተክል በሚያመራው ኢኮኖሚ ውስጥ ሌላ እንጀራ ይፈልግ ጀመር።

የ1848 ዓመፅ በዋሻው ደጃፍ

የደምቡላ ታሪክ የአምልኮና የሥዕል ታሪክ ብቻ አይደለም። በ1815 እንግሊዞች ከካንዲ መሳፍንት ጋር በተፈራረሙት ውል ቡድሂዝምን እንደሚጠብቁ ቃል ገብተው ነበር። ይሁን እንጂ በ1840 በወጣው ሕግ ገበሬው ባለቤትነቱን በሰነድ ማረጋገጥ ያልቻለው ጫካና ለከብት ማሰማሪያ የነበረ መሬት የዘውዱ ንብረት ተብሎ ተወሰደ። ሰፊው መሬትም ለቡና ተክል ባለሀብቶች ተሸጠ። በ1848 ደግሞ በአገረ ገዢው በቶሪንግተን አስተዳደር በጠመንጃ፣ በውሻ፣ በጋሪና በሱቅ ላይ ግብር ተጣለ። እያንዳንዱ ጎልማሳ ወንድም በዓመት ስድስት ቀን በመንገድ ሥራ እንዲያገለግል፣ ካልሆነም ገንዘብ እንዲከፍል ተደነገገ። ጫካ ለሚመነጥረው ገበሬ ጠመንጃና ውሻ ሰብሉን ከአውሬ የሚጠብቅባቸው መሣሪያዎች እንጂ ቅንጦት አልነበሩም።

በዚህ ምክንያት የተቆጣው ሕዝብ ሐምሌ 26 ቀን 1848 በደምቡላ መቅደስ ተሰብስቦ ጎንጋሌጎዳ ባንዳ የተባለውን ሰው አነገሠ። የመቅደሱ አለቃ ጊራኔጋማ የንግሥናውን ሥርዓት እንደፈጸሙ ይነገራል። እዚህ ላይ «ባንዳ» በሲንሃላ ቋንቋ የተለመደ የሰው ስም እንጂ አማርኛ ተናጋሪው የሚያውቀውን ትርጉም የሚሰጥ አለመሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ እንዲያውም ሰውየው የባንዳ ተቃራኒ ነበር። ሠራዊቱ ወደ ማታሌ ከተማ ዘመተ። መንግሥት ወታደራዊ ሕግ ዐውጆ በብርቱ መታው። ከመሪዎቹ አንዱ ፑራን አፑ ነሐሴ 8 ቀን በካንዲ ተረሸነ። ጎንጋሌጎዳ ባንዳ በመስከረም ወር ተይዞ ለፍርድ ቀረበ፤ ሞት ከተፈረደበት በኋላ ቅጣቱ ወደ ግርፋትና ወደ ማላካ ግዞት ተለወጠ። የጭካኔው ወሬ ወደ ለንደን በመድረሱ በፓርላማ ክርክር ተነሣ፤ ቶሪንግተንም በ1850 ከሥልጣኑ ተጠራ።

ዓመፀኞቹ ሊያነግሡ በፈለጉ ጊዜ ከቤተ መንግሥት ይልቅ ወደ ዋሻው መምጣታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። የካንዲ ዙፋን ጠፍቷል። ተሰዶ በዋሻ የኖረው፣ ተመልሶም ዙፋኑን የያዘው ንጉሥ ምስል ግን በደምቡላ ቆሟል። ለዘመናት ግድግዳውን ሲያይ ያደገው ገበሬ ያንን ታሪክ የራሱ ተስፋ አድርጎ አነበበው። የገዢዎችን ክብር ለማወደስ የተሠራ ምስል ለተገዢዎች የተቃውሞ ምልክት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ሥዕሉ የሚናገረውና የሚነገርለት

ሥዕል እንዲህ በየዘመኑ የተለያየ ንባብ የሚቀበል ከሆነ ንባቡ ወደ ስሕተትም ሊያመራ ይችላል። በሁለተኛው ዋሻ ውስጥ ከተሣሉት የታሪክ ትዕይንቶች አንዱ የሲንሃላው ንጉሥ ዱቱገሙኑና የታሚሉ ንጉሥ ኤላራ በዝሆን ላይ ሆነው ያደረጉት ፍልሚያ ነው። በ20ኛው ምዕተ ዓመት አንዳንድ ወገኖች ይህን ታሪክ የሁለት ሕዝቦች ዘላለማዊ ጠላትነት ምስክር አድርገው አቅርበውታል። ከ1983 እስከ 2009 አገሪቱን ባደማው የእርስ በርስ ጦርነት ዘመንም ይኸው አተረጓጎም መሣሪያ ሆኖ አገልግሏል። በ2012 ደግሞ በደምቡላ ከተማ የሚገኝ መስጊድ በተቀደሰው ክልል ውስጥ ስለሚገኝ ይነሣ በማለት መነኮሳት የነበሩበት ሰልፈኛ ጥቃት አድርሶበታል።

ዋሻዎቹ ራሳቸው ግን የሚመሰክሩት ሌላ ነገር ነው። ማሃቫምሳ የተባለው ጥንታዊ ዜና መዋዕል አሸናፊው ዱቱገሙኑ ለወደቀው ባላንጣው መታሰቢያ እንዳቆመና በዚያ የሚያልፍ ሁሉ ሙዚቃውን አቁሞ ክብር እንዲሰጥ እንዳዘዘ ይተርካል። የሂንዱው አምላክ ቪሽኑ ከቡድሃ ምስሎች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ቆሞ ይመለካል። ከሁሉም በላይ ዛሬ የሚታዩትን ሥዕሎች ያሣለውና ሦስተኛውን መቅደስ ያሠራው ኪርቲ ስሪ ራጃሲንሃ ትውልዱ ከደቡብ ሕንድ የናያካር ቤት ነው። ይህ ባዕድ ትውልድ ያለው ንጉሥ ከሲያም መነኮሳት አስመጥቶ በ1753 በደሴቲቱ ተቋርጦ የነበረውን የምንኩስና ሥርዓት አስቀጥሏል። እንግዲህ የሲንሃላ ጥበብ ከፍተኛ መገለጫ ተብሎ የሚጠራው ሥራ የተሠራው ከባሕር ማዶ በመጣ ሥርወ መንግሥት ዘመን ነው። ንጹሕ፣ ከሌላው ያልተቀላቀለ ባህል ፈላጊ ወደ ደምቡላ ቢሄድ የሚያገኘው የቅልቅልን ፍሬ ነው።

የመጠበቅ ጥያቄ

ከ1980 ጀምሮ የስሪ ላንካ መንግሥት ከዩኔስኮ ጋር በመተባበር በጥንታዊ ከተሞች ክልል ባካሄደው ሰፊ የጥበቃ ሥራ ደምቡላም ተጠቃሚ ሆኗል። በ1991 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ከዚህ በኋላ ግን አዲስ ችግር ተከተለ። የጎብኚው ቁጥር እየበዛ ሲሄድ የትንፋሹ ርጥበት፣ የመብራቱና የዕጣኑ ጢስ፣ ከዐለቱ የሚሰርገው ውኃና የነፍሳት ጎጆ ምርጊቱን ከዐለቱ ያላቅቁት ጀመር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በዐለቱ ግርጌ 30 ሜትር ከፍታ ያለው በወርቅ ቀለም ያጌጠ የቡድሃ ሐውልት ከዘመናዊ ሕንፃ ላይ ቆመ። ብዙ ጎብኚዎችም ካሜራቸውን በቅድሚያ የሚያዞሩት ወደዚህ ሐውልት ነው። መቅደሱን በሚያስተዳድሩት መነኮሳትና በመንግሥት የቅርስ ጥበቃ ባለሙያዎች መካከልም «ማን ይጠግን? እንዴት ይጠገን?» በሚል ክርክር ተነሥቷል።

በክርክሩ ውስጥ ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ባለሙያው «ያለውን ሥዕል እንዳለ እናቆይ፤ በላዩ አዲስ ቀለም መቀባት ሰነድን መደምሰስ ነው» ይላል። አማኙ ደግሞ «መቅደሱ ሙዚየም አይደለም፤ አባቶቻችን የደበዘዘውን እያደሱ ነው እዚህ ያደረሱት» ይላል። በእርግጥም የ18ኛው ምዕተ ዓመት ሠዓሊዎች የቀደመውን ሥራ ሳይነኩ ቢተዉት ኖሮ ዛሬ የምናደንቀው የካንዲ ዘመን ሥዕል በደምቡላ ባልኖረ ነበር። ነገር ግን አንድ መሠረታዊ ልዩነት አለ። የያኔው አዳሽ ምርጊቱን የሚያቦካ፣ ሙጫውን የሚያውቅ፣ ከአባቱ የተማረ ባለሙያ ነበር። ሙያው በተቋረጠበት ዘመን በፋብሪካ ቀለም የሚደረግ እድሳት ግን የአሮጌውን ሥራ መቀጠል ሳይሆን መተካት ይሆናል። ስለዚህ ጥበቃው ከግድግዳው ብቻ የሚጀምር አይደለም። ቀለሙን የሚያዘጋጅ፣ መስመሩን የሚያሰምር ሰው መኖር አለበት።

በካንዲና በአካባቢው የሠዓሊነትን ሙያ ከቤተሰባቸው የወረሱ ሰዎች አሉ። ዕውቀታቸው በሕይወት ሳሉ ቢጻፍ፣ ልጆቻቸውም በሙያው የሚኖሩበት ዘዴ ቢፈጠር፣ በነገሥታት ጽሑፍ ውስጥ ቦታ ያላገኙት እጆች ዘግይተውም ቢሆን ስም ያገኛሉ። በአሉቪሃራ የነበሩት መነኮሳት ከሁለት ሺህ ዓመታት በፊት ያደረጉት ይህንኑ ነበር፤ በቃል የሚያውቁት ሰዎች ከማለቃቸው በፊት ዕውቀቱን ጻፉት። የደምቡላ ሥዕል በወርቅ ከተለበጡት ምስሎች ይልቅ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ነው።